ቀለሙ እስኪደርስ

ጎባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለለሊሴ ኡመር፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ካለሽበት አገር ብርድና ከክፉ ሰው አላህ ይጠብቅሽ፤ የያዝሽውን ሥራ የበረከት ያድርግልሽ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽም ወንድምሽ ጀሊልም ደህና ናቸው። ስንዴው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ከሮቤ ወደ አጋርፋ ስትሄጂ መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ ሆኗል።

ከደብዳቤው ጋር ስዕል ስታገኚ ትገረሚ ይሆናል። ለትምህርት ወደ ቱርክ የሄድሽ ጊዜ እኔ ቤት አድረሽ፣ ጥቁር ሽፋን ያለውን የስዕል ደብተርሽን ትራሱ ሥር ረስተሽው ነበር። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ብቻ ነበር የሳልሽበት። ስትመለሺ እሰጥሻለሁ ብዬ ከጨርቅ ጣቃው በታች አስቀመጥኩት፤ ዓመታቱም እንዲሁ ሄዱ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ገበያተኛ ሲያስቀርብኝ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አወጣሁትና መደርደሪያው ላይ ያለውን የክር ጥቅል ሳልኩበት። እኔ መቼም ለትራስ ልብስ ጥልፍ ንድፍ ስነድፍ ነው የኖርኩት፤ እጄ ለእርሳስ አዲስ አይደለም። በማግስቱ ጃንጥላ ሳልኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። አሁን በየቀኑ አንድ ነገር እስላለሁ፣ ከሥሩ ቀኑንና የዋልኩበትን እጽፋለሁ። «ዛሬ መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ ፋናዬ ሁለት ሜትር ጨርቅ ወሰደች» እያልኩ።

ጀሊል በስልክ ፎቶ አንስቼ ልላክላት ቢለኝ ሞከርነውና ጥቁር ጭቃ መሰለ። ስለዚህ ሁለት ገጽ ከደብተሩ ገንጥዬ በፖስታ ልኬልሻለሁ። አንዱ ጦጎና ወንዝ ነው፣ ውሃው ሞልቶ። ሌላው ጅብራ ነው፤ ወደ ደሎ መና ስሄድ አውቶቡሱ ሳነቴ ላይ ጎማ ሲቀይር ወርጄ የሳልኩት። እጄ በብርድ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቅጠሎቹ ተጣመውብኛል።

አባትሽ ስላንቺ ያው እንደነበረው ነው። እኛ ስምሽን ስናነሳ ዝም ብሎ ይሰማል፤ እሱ ግን አያነሳውም። መሄድሽ አይደለም ያን ያህል የጎዳው። አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጣ «ልጅህ ቱርክ ገባች አሉ» ብሎ ሰው ነገረው። ከሰው አፍ መስማቱ ነው። ግን ልቡ ድንጋይ አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ጻፊልኝ።

አክስትሽ ጁሀራ


ኤርዙሩም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለአክስቴ ለአዳዳ ጁሀራ፤

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎን ይባርክልኝ። እኔ ደህና ነኝ። በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ከምሠራበት ላቦራቶሪ እስከ ቤቴ ስሄድ ሳነቴን የምሻገር ይመስለኛል።

ስዕሎቹ ሲደርሱኝ ኮቴን ሳላወልቅ ነው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያየኋቸው። ጦጎናን ወዲያው አወቅኩት። ከድልድዩ በታች ያለውን ትልቁን ድንጋይ፣ እኛ ልብስ የምናሰጣበትን፣ እርስዎም አልረሱትም። ሁለቱንም ከአልጋዬ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ደብተሩን ይጨርሱት፤ የእርስዎ ነው። እኔ እንደ እርስዎ በየቀኑ የመሳል ትዕግሥቱ አልነበረኝም።

አዳዳ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። አባን ይሳሉልኝ። እኔ ጋ ያለው የመታወቂያቸው ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ እንደተከሰሰ ሰው ነው የሚያዩት። ጀሊልን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ ብዬው ነበር፤ «አባ አንሱኝና ላኩላት ካለ ይቅር አልኳት ማለት ነው፤ እስከዚያ አልሞክርም» አለኝ። ልክ ነው። በድብቅ የተነሳ ፎቶ እኔም አልፈልግም። እርስዎ ግን እህታቸው ነዎት። ይጠይቁልኝ።

የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ብር ልላክ ብዬ ጠይቄዎት መልስ አልሰጡኝም።

ልጅዎ ለሊሴ


ጎባ፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውዷ ለሊሴ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ከርሞ ኖሯል። ብር አልፈልግም፤ ሱቁ ይበቃኛል። ጥሩ መቅረጫ ካገኘሽ ግን ላኪልኝ፤ እዚህ ያለው እርሳሱን ይበላዋል።

አባትሽን ጠየቅኩት። ነገሩ እንዲህ ሆነ። ረቡዕ ገበያ ሲመጣ እኔ ሱቅ ሻይ ሳይጠጣ አይመለስም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ሆን ብዬ ተውኩት። ብዙ ቆይቶ ሳበውና ማገላበጥ ጀመረ። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ምንድን ነው አለኝ፤ ስንዴ ነው አልኩት። ጢሙ እንዲህ የረዘመ ስንዴ የት አየሽ፣ ይህ ገብስ ነው አለ። ላጲሱን ሰጠኝና አጠገቤ ቆሞ እያየ አስተካከልኩት። ሌላ ረቡዕ ደግሞ የፈረሱን ኮርቻ ሳልኩ፤ መታጠቂያው ያለቦታው ነው ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ነፍስ ያለው ነገር መሳሌን አይወደውም ነበር፤ ስለዚህ ፈረሱን ትቼ ኮርቻውን ብቻ ነበር የምስለው። ያን ዕለት ግን ደብተሩን ዘጋውና፣

«ለዚያች ልጅ ነው የምትልኪው?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ሻዩን ጨርሶ ተነሳ። በሩ ላይ ደርሶ ዞረና፣

«እንግዲያው ፈረሱንም ሳዪላት። ታውቀዋለች» አለ።

ያንተን ፊት እፈልጋለሁ ብላለች አልኩት። እምቢም አላለም፤ እሺም አላለም። ፈረሱን ፈትቶ ወደ ሮቤ መንገድ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ከጀርባው ሳልኩት። እሱን ነው የላክሁልሽ። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው እኔ ተሳስቼ አይደለም፤ አሁን እንዲያ ነው የሚሄደው።

አክስትሽ ጁሀራ


ኤርዙሩም፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጁሀራ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ ቤትዎ በረከት ይሙላው።

ያ ጀርባ የአባ ነው። ማንም ሳይነግረኝ ከሺህ ሰው መሃል አውቀው ነበር። ትከሻቸውን ግን አላውቀውም። እኔ ስሄድ እንዲያ አልነበረም። ሐኪም ጋ ወስዳችኋቸዋል?

አሁን ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት። እዚህ ስዕል ለሚማሩ ሰዎች የሚሸጥ ባለቀለም እርሳስ አለ፤ በእንጨት ሳጥን የሚቀመጥ፣ የቆዳ ቀለም ብቻ ስንት ዓይነት ያለው። ገዝቼልዎታለሁ፤ ወፍራም ወረቀትና መቅረጫም ጨምሬበታለሁ። እስከዳር የምትባል የሮቤ ልጅ እዚህ ትማራለች፤ ክረምት ላይ ለእረፍት ስትገባ ይዛልዎት ትመጣለች።

ስለዚህ አባ እሺ ካሉ በተራ እርሳስ እንዳይጀምሩት አደራ። አንዴ ብቻ ነው እሺ የሚሉት፤ ሁለተኛ እንደማይቀመጡ እርስዎም ያውቃሉ። የዓይናቸው ቀለም፣ ጢማቸው ላይ ያለው ሂና፣ ሁሉም እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ቀለሙ እስኪደርስ ይጠብቁልኝ።

ልጅዎ ለሊሴ


ጎባ፣ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለለሊሴ፤

አሰላሙ አለይኩም። አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልሽ። መልስ ያዘገየሁት ክረምቱ ከባድ ስለነበር ነው፤ የሱቁ ጣሪያ አፍስሶ ጨርቅ ሳወጣና ሳገባ ከረምኩ። ደብተሩ ግን አልራሰም፤ ከእኔ ጋር አልጋ ላይ ነው ያደረው።

እስከዳር እስካሁን አልመጣችም። እናቷን ማናልበሽን ገበያ አግኝቼ ጠየቅኳት፤ ፈተና ይዟት ቀረች አለችኝ።

አሁን የምጽፍልሽን ተቀምጠሽ አንብቢው። ባለፈው ረቡዕ አባትሽ መጣ። ከወትሮው አርፍዶ ነው የመጣው። የኢድ ጃኬቱን ለብሷል፤ ጢሙን አስተካክሏል፤ ነጭ ኮፍያው ታጥቧል። ሠርግ አለ እንዴ ብዬ ልጠይቀው ስል በርጩማውን ራሱ ስቦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና፣

«እንዴት ሆኜ ልቀመጥ?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ጀሊል አብሮት ስለነበር ስልኩን አወጣና ላንሳህ አለው። አባትሽ ግን፣ «ስልክ ይቸኩላል። ጁሀራ ትሳለኝ» አለ።

ለሊሴ፣ እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን ያልሽው ትዝ አለኝ። እኔም ብሆን ፈርቼ ነበር፤ ፊት ስዬ አላውቅም፤ ይህን የመሰለ ቀን በላጲስ ላበላሸው አልፈለግኩም። ለሊሴ ጥሩ ቀለም እየላከች ነው፣ ሲደርስ በደንብ እስልሃለሁ አልኩት። እሺ ብሎ ተነሳ። ቅር ያለው አይመስልም። ሻዩንም ጠጣ።

እንግዲህ ደስ ይበልሽ። ይቅር ብሎሻል። እስከዳርን አፋጥኛት።

አክስትሽ ጁሀራ


ኤርዙሩም፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳ ጁሀራ፤

አላህ ይህን ዜና እንዳሰሙኝ መልካም ያሰማዎት።

ደብዳቤውን ሥራ ቦታ ከፍቼ፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምን ሆንሽ እስክትለኝ አለቀስኩ። «እንዴት ሆኜ ልቀመጥ» ያሉትን በድምፃቸው ሰማሁት።

መጠበቅዎ ትክክል ነው። እስከዳር በሚቀጥለው ሳምንት ትነሳለች፤ ሳጥኑን በእጄ ሻንጣዋ ውስጥ አስገብቻለሁ። ስልክ ልደውልላቸው ብዬ ብዙ ጊዜ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያላወራኋቸውን ሰው በምን ልጀምር? ስዕሉ ይቅደም አልኩ። ፊታቸውን ካየሁ በኋላ ምን እንደምል አላጣም። በበጋ ደግሞ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፤ ይህን ግን አሁን አይንገሯቸው፤ እኔ ራሴ ልንገራቸው። በዚህ እንኳ ከሰው አፍ እንዳይሰሙ።

ልጅዎ ለሊሴ


ጎባ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለለሊሴ፤

አላህ ሰብር ይስጥሽ፤ ልብሽን ያጽናልሽ። ለአባትሽም ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቀው።

በስልክ ጀሊል የነገረሽ አጭር ነበር፤ ሰው ቤቱን ሞልቶት ስለነበር እኔም ሁለት ቃል እንኳ አላወራሁሽም። አሁን ለቅሶው ጋብ ብሏል፤ ሁሉንም ልንገርሽ፤ መስማት ያለብሽ ከእኔ ነው።

አጨዳው ላይ ነበር። ኮምባይነሩ ተራው ደርሶ ማሳው ሲገባ፣ አባትሽ ሌሊት ቅዝቃዜ ላይ ወጥቶ ጠብቆ ደረቱን ብርድ መታው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብንለው ስንዴው ይግባ አለ። ስንዴው ገባ። በማግስቱ ጀሊል ጎባ ሆስፒታል ይዞት መጣ፤ እዚያ የሚደረገው ሁሉ ተደረገለት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ንግግሩ አልጠፋበትም፤ ሸሃዳውን ብሎ ነው የሄደው። ያንኑ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። አንቺ ትድረስ ማለት አልቻልንም፤ ጀናዛ እንደማይቆይ ታውቂያለሽ።

ቀለሙ መጣ። እስከዳር ራሷ ይዛው ገባች፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቆይታ ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡ ሰዎች ጋር ተቀምጣ ሳጥኑን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ሰጠችኝ። ምንም አታውቅም፤ ምን ታድርግ። ተቀብያት መረቅኋት።

ያልነገርኩሽ አለ። ያኔ እሺ ብሎ ከተነሳ በኋላ በየረቡዑ ያንኑ ጃኬት ለብሶ ነበር የሚመጣው። አይጠይቀኝም። ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል፤ እኔ ገና አልደረሰም እለዋለሁ፤ እሱ ይሄዳል። የመጨረሻው ጊዜ ግን ጠየቀኝ።

«እርሳስ የለሽም?» አለኝ።

አለኝ፤ ለሊሴ ግን በቀለም ይሁን ብላለች አልኩት።

«እሷ ካለች ይሁን» አለኝ።

ይኸው ነው። «ያች ልጅ» አላለሽም። ፈገግ ብሎ ነበር። ያን ቀን እንኳ እጄን ይዞ ሳዪው የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ። መስኮቱ ሥር ብርሃን ነበር፣ ወረቀት ነበር፣ እርሳሱም ተቀርጿል። ከክር ጥቅል እስከ ጃንጥላ ያልሳልኩት የለም። ወንድሜን አልሳልኩም።

አንቺ ራስሽን አትውቀሺ። ጠብቂ ያልሽኝ አንቺ ብትሆኚም፣ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

አክስትሽ ጁሀራ


ኤርዙሩም፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዳዳ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ። ልጽፍ እቀመጥና እተወዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ጀርባቸውን እያየሁ ዞር ቢሉልኝ እያልኩ ነው።

እርስዎ ምንም አላጠፉም። የቆዳ ቀለም ስንት ዓይነት እንዳለው ስቆጥር የነበርኩት እኔ ነኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን፣ የትኛውም ረቡዕ፣ እርስዎ ሱቅ ብደውል ኖሮ እዚያው ተቀምጠው ነበር። አያነሱም ብዬ ሳይሆን አሳምሬ ልጀምር ብዬ ነው የቀረሁት።

ለጀሊል ከቀብሩ ቀን ወዲህ አልደወልኩም። ምን እለዋለሁ? አባትህን ብቻህን ቀበርክ ልበለው?

አንድ ብቻ ልለምንዎት። ከትዝታዎ ይሳሉልኝ። እንደሆነው ይሁን። በቀለምም በከሰልም ግድ የለኝም።

ለሊሴ


ጎባ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለለሊሴ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። አላህ ከሐዘንሽ ያሳርፍሽ፤ ቀሪ ዘመንሽን የሰፋ ያድርግልሽ።

ሞከርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ደብተሩን ከፍቼ አላውቅም ነበር፤ አንቺ ስለጠየቅሽኝ ከፈትኩት። ኮፍያው መጣልኝ፤ ጢሙም መጣልኝ። ዓይኑ ግን የእኔ ዓይን ሆኖ ይወጣል። አጠፋዋለሁ፤ ደግሞ የአባታችን ይሆናል። ልጅ ሳለ በቅሎ ረግጣው ቅንድቡ ላይ የቀረችውን ጠባሳ ታስታውሻለሽ? በየትኛው በኩል እንደነበረች ጠፋብኝ። ጀሊልን ብጠይቀው በቀኝ ነው አለኝ። ጎረቤቱ ሳላሀዲን፣ ዕድሜ ልኩን አብሮት የሰገደው ሰው፣ በግራ ነው ብሎ ማለ። ሁላችንም በየቀኑ እናየው ነበር። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ተቀደደ፤ ተውኩት። ከትዝታዬ ስዬ እሱ ነው ብዬ ብልክልሽ እዋሽሻለሁ፤ አንቺም ውሸቱን ለምደሽ አባትሽ ታደርጊዋለሽ። ይቅር በይኝ፤ አልችልም።

ባለፈው ረቡዕ ግን ጀሊል ለገበያ መጣ። ተቀመጥ አልኩት። ለምን ሳይለኝ ተቀመጠ። የጭቃ ቦቲውን እንዳደረገ፣ ፀጉሩም እንደተንጨባረረ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ እጄ ላይ በነበረው ቁራጭ እርሳስ ሳልኩት። ፊት ስስል የመጀመሪያዬ ነው። አፍንጫው ትንሽ ወፍሮብኛል፤ አላስተካከልኩትም። እየሳልኩት ለእህቱ እንደሆነ ነገርኩት። «መጀመሪያ እሷ ትደውል ብዬ ነው እኔም የቀረሁት» አለኝ። አንቺም ምን እንደምትዪው ጨንቆሽ እንደቀረሽ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስዕሉን ከደብዳቤው ጋር ታገኚዋለሽ። አባትሽን አትፈልጊበት። ከሥሩ ጀሊል ኡመር ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ወንድምሽ ነው። ደውዪለት።

አሁን ስለ ራሴ ልንገርሽ። ጀሊል ከሄደ በኋላ እጄ ደፍሮ ስለነበር አዲስ ገጽ ገለጥኩና አንቺን ልስልሽ አልኩ። ሳልኩሽም። ሳይሽ ግን ጉንጭሽ ሞልቷል፣ ሻሽሽ እንደ ተማሪ ታስሯል፤ ያኔ እኔ ቤት ያደረችው ልጅ ናት። አሁን ምን እንደምትመስዪ አላውቅም። ስትስቂ የቱ ጥርስሽ ቀድሞ እንደሚታይ ለማስታወስ ብዙ ተቀመጥኩ፤ አልመጣልኝም።

በበጋ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። በጋ አትበዪ። ፈቃድ ሲሰጡሽ፣ ክረምትም ይሁን፣ መንገዱም ጭቃ ይሁን፣ ነይ። እዚሁ መስኮቱ ሥር ተቀመጪልኝ። ፊትሽን እየረሳሁት ነው።

አክስትሽ ጁሀራ